ባለ አራት በሩ አስቶን ማርቲን እና የባህረ ሰላጤው ሀብት

ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ ጣሪያና ረጅም ኮፈን፤ አስቶን ማርቲን ሲባል ብዙዎች በዓይነ ህሊናቸው የሚስሉት ይህንን ነው። በፈረንጆቹ 1913 በለንደን የተመሰረተው የስፖርት መኪና አምራች ግን ቤተሰብና ሹፌር ያለውን ባለጸጋ ለመማረክ ባለ አራት በር መኪና ደጋግሞ ሞክሯል። በዚህ ጥረቱም ዓይኑን ከባህረ ሰላጤው ሀገራት አልነቀለም።

በ1947 የእንግሊዙ ባለሀብት ዴቪድ ብራውን አስቶን ማርቲንንና ላጎንዳን ገዛ። ላጎንዳ የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ በአመዛኙ ለባለ አራት በሮቹ ሆነ። በ1976 ለዕይታ የቀረበው፣ እንደ ሽብልቅ የሾለው ላጎንዳ በዘመኑ እንግዳ በነበረው ዲጂታል ዳሽቦርዱ አነጋግሯል፤ ያው ዳሽቦርድ በብልሽቱም ስሙ ተነስቷል። እስከ 1990 የተመረቱት 645 ብቻ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን የገዙት የባህረ ሰላጤው ባለጸጎች ነበሩ።

በ2014 ስሙ ዳግም ብቅ ያለው በዱባይ ነው። "ላጎንዳ ታረፍ" የተባለው መኪና ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና የካርቦን ፋይበር አካል ነበረው፤ መጀመሪያ የታሰበውም ለመካከለኛው ምስራቅ ገበያ ብቻ ነበር። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። "ታረፍ" በዓረብኛ ድሎት ማለት ነው። ለሻጮቹ ጆሮ ጣፋጭ ቃል ሳይሆን አይቀርም። ቁርኣንን ለሚያነብ ሰው ግን ከዚሁ ስርወ ቃል የወጣው "ሙትረፊን"፣ ማለትም ድሎት ያሳበያቸው ቅምጥሎች፣ መልእክተኞችን ያስተባበሉ ሰዎች የሚወቀሱበት መጠሪያ ነው። ለመኪና የሚመረጥ ስም አይመስልም።

ኩባንያውን ከገንዘብ ችግሩ ያወጣዋል የተባለው ግን ከፍ ብሎ የሚሄደው ባለ አራት በሩ ዲቢኤክስ ነበር። ፖርሽ በ2002 በካየን መንገዱን አሳይቷል። በ2019 ይፋ የሆነው ዲቢኤክስ በዌልስ፣ ሴንት አታን በሚገኝ የቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር ይመረታል፤ መጀመሪያ ላይ 550 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተሩ ከመርሴዲስ ኤኤምጂ የተገኘ ነው። በ2021 ኩባንያው ካስረከባቸው ከ6 ሺህ በላይ መኪኖች ግማሽ ያህሉ ዲቢኤክስ ነበሩ።

ባህረ ሰላጤው ዛሬ ደንበኛ ብቻ አይደለም። በ2007 ኩባንያውን ከፎርድ ከገዙት መካከል የኩዌት ባለሀብቶች ይገኙበታል፤ በ2022 ደግሞ የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግስት ኢንቨስትመንት ፈንድ ከዋነኞቹ ባለድርሻዎች አንዱ ሆኗል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ፈስሶበትም አስቶን ማርቲን የ2024 ሒሳቡን የዘጋው በኪሳራ ነው።