ኮሮላዋ በኋላ ማርሽ ማንኪራ ገባች

ጓደኛዬ ነው። ስሙን ግን አትጠይቁኝ፤ ይህን አምድ ያነባል።

አንድ ነጭ ኮሮላ አለችው። አሮጌ ናት፤ ሞተሯ 1.3፣ ባለ ካርቡራተር። የድሮ ኮሮላ በኋላ ጎማዋ ነበር የምትሄደው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሞዴል ግን የቤት መኪናዋ በፊት ጎማ መሳብ ጀመረች። የጓደኛዬም እንዲሁ ናት። ይህቺ ነገር ኋላ ጉድ ታፈላለችና ያዙልኝ።

"ዳገት ላይ ሚኒባስ እየቀደመኝ ተቃጠልኩ!" ይለኛል ሲመሽ ሲነጋ። እውነቱን ነው። ግን ጥፋቱ የመኪናዋ ብቻ አይደለም። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። በየ1000 ሜትሩ ሽቅብ አንድ ሞተር በግምት 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ፋብሪካው "70 ምናምን ፈረስ" ብሎ የሸጠው 1.3 እኛ ዘንድ ሲደርስ 50 ምናምን ፈረስ ነው ማለት ነው። ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለለት ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ የቀረችውም ጉልበት ትሞታለች።

ታዲያ የጠፋውን ከመመለስ ይጀመራል፤ ካርቡራተር ማጠብና ማስተካከል፣ ካንዴላ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያውን ማየት፣ የሲሊንደሩን ግፊት ማስለካት። የብዙ ሰው መኪና እዚሁ ላይ ይድናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል አሮጌዋን ማደስ የሁሉም ወሬ ሆነ፤ ማደስና ማጋነን ግን ለየቅል ነው።

የኔ ጀግና ምን አደረገ? ከእጮኛው ጋር ለሠርጋቸው ሲጥሉት የነበረውን እቁብ ደረሰውና በቀጥታ ሶማሌ ተራ ገባ! ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለውን 1.6 ኢንጀክሽን ሞተር ገዛ። ሞተሩ ክፉ አይደለም፤ አዲስ ሳለ 100 ፈረስ ገደማ ያወጣል፤ ያቺኑ ቦዲ ይዞ ከፋብሪካ የወጣ ኮሮላም አለ። ችግሩ ሞተር ብቻውን አይመጣም። ከካርቡራተር ወደ ኢንጀክሽን ስትሄዱ ኮምፒውተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው የቤንዚን ፓምፕ፣ ወደ ጋን የሚመለሰው ቱቦ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ብሩም አብሮ ይሄዳል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ካልተቀየረ ደግሞ ከምርመራም ከትራፊክም ጋር ጣጣ ነው። ቱርቦ የሚያምራችሁም አላችሁ። ቱርቦ የደጋውን ስስ አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ለኛ ከተማ ሳይሻል አልቀረም፤ ግን ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ አሮጌ ፒስተንና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ምን ያህል ይችለዋል?

መካኒኩ ፍሬኑን አልነካም። ጓደኛዬም አልጠየቀም።

ባለፈው ሐምሌ ሽማግሌ ሆነን ወደ ልጅቷ ቤተሰቦች ተነሳን። ቤታቸው ካፋ ነው፤ ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ የቡና መገኛ ነው በሚባለው ማንኪራ። ሁለት አባቶች ከኋላ፣ እኔ ከፊት። እስከ ወልቂጤ ዓለማችንን አየን፤ ሚኒባሱም አይሱዙውም ወደ ኋላ ቀረ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ስንወርድ ግን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጓደኛዬ ፍሬን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። በዚያ ፍጥነት ለሚወርድ መኪና የ1.3ቱ አሮጌ ሸራ ግሎ እጁን ሰጥቷል።

"ልጄ፣ ቀስ በል" አሉ አንደኛው አባት።

"እሺ ጋሼ" አለ። ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።

ማርሽ እየቀነሰ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ የእጅ ፍሬን በትንሽ በትንሹ እየሳበ አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆማት። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ወዲያው አልወረድኩም። ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ማንም ማንንም አልተናገረም።

በማግስቱ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ስንሄድ ዝናቡ ወርዶ አፈሩ ሳሙና ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ደን ያምራል፤ እኛ ግን ጭቃውን ነበር የምናየው። አንዲት አጭር ዳገት ላይ የፊት ጎማዎቹ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ጭቃው ይረጫል እንጂ ንቅንቅ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሚስበው የፊት ጎማ ይቀላል። ኋላ የተቀመጡትን ሁለት አባቶች ጨምሩበት። ጉልበት በበዛ ቁጥር ጎማው መፍተሉ ነው የሚብሰው።

ሽማግሌዎቹ ከነጋቢያቸው ጭቃ ውስጥ ወረዱ። በፈረስ የሚያልፍ አንድ ልጅ ቆሞ አየንና "ጋሼ፣ አዙራት። በኋላ ማርሽ ትወጣለች" አለ። ጓደኛዬ ተናደደ። ሌላ መላ ስላልነበረ ግን አዞራት። ከባዱ ሞተር ከታች ሆኖ የሚሽከረከሩትን ጎማዎች ተጫናቸው። ነዳጅ ሳይበዛ ቀስ ብላ ወጣች። ያ ሁሉ ፈረስ ተገዝቶ!

የልጅቷ ቤት ደጅ በቂጣችን ገባን። ሰፈሩ ወጥቶ ሳቀ። አባቷ ግን በክብር ተቀበሉን፤ ማርና ቡና ቀረበ፤ ነገሩም በደህና አለቀ።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ልጅቷ ጓደኛዬ አጠገብ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሞተሩ ስንት ወሰደ?" አለችው።

ግማሹን ነገራት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ሲኒዬ ላይ አቀረቀርኩ።