የጥርስ ራጅ በሳንቲም ሲፈተን
በፊልም የሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ ጨለማ ክፍሉን በአንድ ሳንቲም መፈተን ይችላል። ባለሙያው ያልተነሳ ፊልም ከማሸጊያው አውጥቶ ሳንቲም ያስቀምጥበታል፤ በክፍሉ ቀይ መብራት ሥር ለጥቂት ደቂቃዎች ትቶ ያጥበዋል። የሳንቲሙ ቅርጽ ፊልሙ ላይ ከታየ ከውጭ ብርሃን ሾልኮ ገብቷል፤ አለዚያም መብራቱ ራሱ ፊልሙን እያበላሸ ነው።

ያለ ፊልም የሚሠራው ዲጂታል ራጅም ክትትል ይፈልጋል። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ሲወድቅ ሊጎዳ ይችላል፤ በፊልም ፈንታ የሚያገለግለው የፎስፈር ሰሌዳ ሲጫር ጭረቱ ምስሉ ላይ ይወጣል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣው የጥርስ ራጅ መመሪያ ከዲጂታል ምስሎች ቢያንስ 95 በመቶው፣ ከፊልም 90 በመቶው ለምርመራ ብቁ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምስሉ በተበላሸ ቁጥር ታካሚው ያለ ጥቅም ጨረር ተቀብሏልና። የተጣሉ ምስሎች ከነምክንያታቸው ሲመዘገቡ፣ ለምሳሌ የጥርሱ ሥር ጫፍ በተደጋጋሚ ከተቆረጠ፣ አቀማመጡ መታረም እንዳለበት መዝገቡ ይጠቁማል።