በአክተሩ ፋንታ የሚወድቀው ሰው

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከማርሴይ ተነስተው በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ማዳጋስካርና ወደ ኢንዶቺና የሚያመሩ የፈረንሳይ መርከቦች የድንጋይ ከሰል ለመሙላት ጅቡቲ ወደብ ላይ ያርፉ ነበር። መርከቡ መልሕቅ ሲጥል የወደቡ ልጆች እየዋኙ ይከቡትና ወደ ላይ እያንጋጠጡ ይጣራሉ። ተሳፋሪው ሳንቲም ይወረውራል፤ ልጁ ይጠልቃል። ሳንቲም ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሰምጥም፤ ወዲያና ወዲህ እያለ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጎበዙ ጠላቂ ከኋላው አያሳድደውም፤ ቀድሞት ከሥሩ ይገባና ይቀልበዋል። ኪስ ስለሌለው ጉንጩ ውስጥ ሸጉጦ ቀጣዩን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሻርክ በማያጣው ባሕር ውስጥ ነው። ትርኢቱ በፖስታ ካርድ ሳይቀር ታትሞ ተሸጧል፤ ካርዱ የወደቡን ስም እንጂ የልጁን ስም አይነግርም።

በዚያው ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ ሆሊውድ ውስጥም ሰዎች ለተመልካች ደስታ ሲሉ ነፍሳቸውን ለአደጋ ይሰጡ ነበር። ከሚሮጥ ፈረስ ይወድቃሉ፣ ከባቡር ጣሪያ ይዘላሉ፣ የሚቃጠል ቤት ውስጥ ይገባሉ። እኛ ፊልም ስናይ «አክተሩ አይሞትም» እንላለን፤ እውነት ነው፣ አክተሩ የማይሞተው በእሱ ፋንታ የሚወድቅ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው ስታንትማን ይባላል። ይህ ጽሑፍ ሙያውን ከማስተዋወቅ ባለፈ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል፦ ስታንትን ሙያ ያደረገው ድፍረት አይደለም። ድፍረትማ ጅቡቲ ወደብ ላይም ሞልቶ ነበር። ድፍረት ሙያ የሚሆነው አደጋው ሲለካ፣ ዋጋው በውል ሲታወቅና የሠሪው ስም ሲጻፍ ነው። የአሜሪካ ሲኒማ የመጀመሪያውን ለመማር ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመቀበል ደግሞ ከዚያም በላይ ዘግይቷል።

ከመነሻው የስታንት ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከከብት እርባታ ሥራ የወጡ ፈረሰኞች ነበሩ። የምዕራብ አሜሪካ ሰፋፊ የግጦሽ መሬት ሲታጠርና ሥራው ሲመነምን ካሊፎርኒያ ደርሰው ፈረስ መጋለብን ለካሜራ መሸጥ ጀመሩ። ከመካከላቸው ሄለን ጊብሰን የምትባል ጋላቢ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ስለ አንዲት የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ በሚተርክ ተከታታይ ፊልም ላይ ከጣቢያው ጣሪያ ወደሚሄድ ባቡር እየዘለለች የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ባለሙያ ሴት ስታንተኛ ለመባል በቅታለች። ሁሉም ግን እንደ እሷ አልታደሉም። ኦመር ሎክሊር የተባለው ዝነኛ የአየር ላይ ትርኢተኛ በ1920 ነሐሴ ወር ላይ ለፊልም ቀረጻ በሌሊት ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ ከረዳት አብራሪው ጋር ሞተ። የዚያ ዘመን አሠራር ቀላል ነበር፦ ዳይሬክተሩ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ደፋሩ ይሞክራል፣ ከተረፈ የቀን አበሉን ይቀበላል። ከጅቡቲው ሳንቲም የሚለየው በመጠኑ እንጂ በዓይነቱ አልነበረም።

ይህን የለወጠው ማን ነው ቢባል ከሁሉም በፊት የሚጠራው ኢኖስ ኤድዋርድ ካነት ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ያኪማ ካነት በሚለው ስሙ ነው። የተወለደው በ1895 በዋሽንግተን ግዛት፣ ኮልፋክስ ከተማ አጠገብ ነው። ያልተገራ ፈረስ ላይ በመቆየት ውድድር ስም ያተረፈ ወጣት ነበር፤ በ1917 የዓለም ሻምፒዮን ተብሏል። ከዚያ ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ መሪ ተዋናይ ሆኖ ሠራ። ችግሩ የመጣው ፊልም መናገር ሲጀምር ነው፤ ባሕር ኃይል ውስጥ ሳለ የያዘው ኢንፍሉዌንዛ የድምፁን አውታር ጎድቶት ስለነበር ድምፁ ለካሜራ አልሆነም። ፊቱን ማሳየት የቀረበት ሰው ጀርባውን ለሌሎች ማከራየት ጀመረ። ይህ ለእሱ ውድቀት ሊሆን ይችል ነበር፤ ለሙያው ግን ትልቅ ዕድል ሆነ። ምክንያቱም ካነት ያመጣው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚወደቅ አስቀድሞ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ጭንቅላትም ይዞ ነው የመጣው።

ስሌቱን ለማየት ጆን ፎርድ በ1939 ያዘጋጀውን «ስቴጅኮች» መመልከት ይበቃል። ስድስት ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ይጋልባል። የአፓቼ ተዋጊ መስሎ የለበሰው ካነት ከራሱ ፈረስ ላይ ተነስቶ ከፊት ባሉት ሁለት ፈረሶች መካከል ይዘላል። የፊልሙ ተዋናይ ጆን ዌይን ይተኩስበታል። ካነት ወደ ታች ይንሸራተትና ፈረሶቹን ከሠረገላው ጋር የሚያገናኘውን ረጅም እንጨት በእጁ ይዞ ጀርባው መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ቀጥሎ ይለቀዋል። በግራና በቀኝ ሰኮና፣ ከዚያም የሠረገላው መንኮራኩሮች ያልፋሉ፤ እሱ መሐል ለመሐል ጠፍጥፎ ይተኛል። ተመልካች የሚያየው እብደት ነው። ሠሪው ግን የሚያስበው ሌላ ነው፦ በሁለቱ ረድፍ ፈረሶች መካከል ያለው ክፍተት ከትከሻው ሊሰፋ ይገባል፤ ፈረሶቹ በሙሉ ፍጥነት መጋለብ አለባቸው፤ ምክንያቱም በሙሉ ፍጥነት የሚጋልቡ ፈረሶች ናቸው ቀጥ ብለው መስመራቸውን የማይለቁት፤ የሚለቀውም ገላው ከሠረገላው ጋር አንድ መስመር ላይ ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ድፍረት አያድነውም።

ካነት ለራሱ ገላ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚመጡትም አስቧል። ከፈረስ ለሚወድቅ ሰው አደገኛው መሬቱ ብቻ አይደለም፤ እርካብ ውስጥ ተሰንቅሮ የሚቀረው እግርም ነው፤ ፈረሱ ይጎትተዋል። ካነት አንዱ ጎኑ ክፍት የሆነ እርካብ አሠራ፤ ጋላቢው ሲወድቅ እግሩ በቀላሉ ይወጣል። ሠረገላ የሚገለበጥበት ትዕይንት ላይ ፈረሶቹ ከሠረገላው ተላቀው እንዲያመልጡ የሚያደርግ ማላቀቂያም ሠርቷል። ለቡጢ ውጊያም ከጆን ዌይን ጋር መላ አበጅተዋል። ቀድሞ ተዋንያን ትከሻቸው እስኪያብጥ እውነት እውነቱን ይመታቱ ነበር። ሁለቱ ግን ካሜራውን ከአንደኛው ትከሻ በስተጀርባ አስቀምጠው ቡጢው አገጭ አጠገብ በአየር ላይ ሲያልፍ፣ ተመቺው በሰዓቱ ጭንቅላቱን እንዲያዞር አደረጉ። ዛሬ ፊልም ላይ የምናየው ብዙው ቡጢ የዚያ መላ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ ይህ ሁሉ ስሌት አደጋውን ቀነሰ ወይስ ከሰው ወደ እንስሳ አሻገረው? ጥያቄው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በዚያ ዘመን የፈረሱን የፊት እግሮች በሽቦ አስሮ በሩጫ ላይ የሚጥል መሣሪያ ይሠራበት ነበር፤ ካነት ራሱ በጥንቃቄ ተጠቅሞበታል፤ በሌሎች እጅ ግን ፈረሶችን ፈጅቷል። በ1936 በወጣ አንድ የጦርነት ፊልም ቀረጻ 25 ያህል ፈረሶች እንደሞቱ ይነገራል። በ1939 በወጣው የጄሲ ጄምስ ታሪክ ፊልም ላይ ፈረስ ከገደል ወደ ውሃ ሲጣል ደግሞ የሕዝብ ቁጣ ተነሳ፤ ከ1940 ጀምሮም የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ቀረጻዎችን መከታተል ያዘ። ስለዚህ ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ፈረሱን ያዳነው የጋላቢዎቹ ጀግንነት አልነበረም፤ ደንብና ተቆጣጣሪ ነው። ልኬት ለሰው ብቻ ሲሆን ጎደሎ ነው ማለት እንጂ ልኬት አያስፈልግም ማለት አይደለም።

የሁለቱ የ«ቤን ኸር» ፊልሞች ንጽጽር ይህን ያስረዳል። ድምፅ አልባው የ1925 ፊልም የሠረገላ ውድድር ሲቀረጽ በርካታ ፈረሶች አልቀዋል። በ1959ኙ ውድድሩን ሮም ከተማ፣ ቺኔቺታ ስቱዲዮ ውስጥ የመራው ካነት ነበር፤ ዕድሜው ከስልሳ አልፎ መውደቁን ትቶ ማዘጋጀቱን ይዟል። ነጂዎቹ ለወራት ሠለጠኑ፣ ፈረሶቹ እርስ በርስ ተለማመዱ። የመሪ ተዋናዩ የቻርልተን ሄስተን ምትክ ሆኖ የሚነዳው ደግሞ የካነት የገዛ ልጅ ጆ ነበር። የተሰባበሩ ሠረገሎችን ሲዘል ጆ ከታሰበው በላይ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ወደ ፊት ተገልብጦ ሠረገላውን ጨብጦ ተረፈ፤ አገጩ ብቻ ተሰፋ። ትዕይንቱም ሳይቆረጥ ፊልሙ ውስጥ ገባ። በዚያ ውድድር ሰው ሞቷል የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይናፈሳል፤ ሐሰት ነው። ወሬው የማይሞተው ተመልካች አደጋን እንጂ ዝግጅትን ስለማያይ ነው።

«ባስተር ኪተንስ? እሱ ምትክ አስፈልጎት ነበር?» የሚል አይጠፋም። የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑ ኪተን በ1928 ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን የቤት ግድግዳ ላዩ ላይ ሲወድቅ በመስኮቱ ክፍተት ውስጥ ቆሞ ተርፏል። ነገር ግን ያዳነው የመስኮቱ ስፋትና የቆመበት ነጥብ በጥንቃቄ መለካቱ ነው፤ ማለትም አክተርም ስታንተኛም ሆኖ እንኳ የሠራው በልኬት ነው። በ1923 ከሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ የታየው ሌላው ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በቦምብ ፍንዳታ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አጥቶ ነበር። ብዙውን ራሱ ሠርቷል፤ ከሩቅ በተቀረጹት አንዳንድ ትዕይንቶች ላይ ግን ሌሎች ተክተውታል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሃርቪ ፓሪ ይህን በይፋ የተናገረው ሎይድ በ1971 ከሞተ በኋላ ነው። የሙያው ልማድ ዝምታ ነበርና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አፉን ዘግቶ ኖሯል።

ወደ ስሙ ጉዳይ የሚያደርሰን ይህ ዝምታ ነው። ስቱዲዮዎቹ «ስሙን ከጻፍን ተመልካቹ አክተሩን ማመን ያቆማል» ይሉ ነበር። ክርክሩ አይረባም፤ ቡጢው ውሸት መሆኑን እያወቅን ዛሬም እንደነግጣለን። የዝምታው እውነተኛ ጥቅም ለከፋዩ ነበር፤ ስም የሌለው ሰው ዋጋ አይከራከርም። ከዚህም የባሰ ነገር ሸፍኗል፦ ጥቁር ተዋናይ መተካት ሲያስፈልግ ነጭ ስታንተኛ ፊቱን ጥቁር ይቀባ ነበር፤ ሴትን ለመተካት ወንድ ዊግ ያደርግ ነበር። በ1961 የስታንትማኖች ማኅበር ተቋቋመ፤ ጥቁር ስታንተኞችና ሴቶችም በ1967 የየራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዓመት ካነት የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ በምክንያትነትም ከትርኢቱ ጋር ስታንተኞችን የሚጠብቁ መሣሪያዎች መፈልሰፉ ተጠቀሰ። በየዓመቱ የሚሰጥ የስታንት ኦስካር ግን እስካሁን አልነበረም፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በ2025 ውሳኔውን ያሳወቀ ሲሆን ሽልማቱ በ2027 ከሚወጡ ፊልሞች ይጀምራል። ካነት ከሞተበት ከ1986 ወዲህ ቢቆጠር እንኳ አርባ ዓመት ገደማ የዘገየ ነው።

ኮምፒውተር ሁሉንም ሊሠራ ሲችል ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። ኮምፒውተር ገመዱን ከምስሉ ላይ ያጠፋል እንጂ በገመዱ የተንጠለጠለውን ሰው አይተካውም፤ ክብደት ያለው ገላ ሲወድቅ ዓይን ያውቀዋል። የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ያን ያህል የኮምፒውተር አቅምም የላቸውም፤ የሚዘለው፣ የሚወድቀውና ከመኪና የሚገፋው ወጣት የራሱን አጥንት ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጀግንነት አይደለም፤ እሱ ሞልቷል። ፕሮዲውሰሮች ከቀረጻ በፊት ልምምድና ስሌት እንዲኖር ያድርጉ፤ ውሉ ላይ ሕክምናውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ፊልሙ ሲያልቅም የወደቀው ሰው ስም ከአክተሩ ስም ጋር ይውጣ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ያለ እነሱ ግን ስታንት ሙያ ሳይሆን ሳንቲም ማሳደድ ሆኖ ይቀራል።