ሳሙናውን ከእጣቢው መመለስ

ዶሮ ወጥ የተሠራበትን ድስት ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ ብቻውን ቅቤውን አያስለቅቅም። ሳሙና ጠብ ሲልበት ግን ቅቤው ለቆ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እጣቢውን ደፍተን እንረሳዋለን። እስቲ «ሳሙናውን ከእጣቢው መልሼ ነገም አጥብበታለሁ» የሚል ሰው አስቡ! ስስት ይመስላል አይደል? አሜሪካ ውስጥ ግን በ1999 መሐንዲሶች ይህንኑ ሞክረዋል።

ቦታው ሰሜን ካሮላይና፣ ካምፕ ሌጁን የሚባለው የጦር ሰፈር ነው። እዚያ ከነበረ ላውንድሪ ሥር ፐርክ ሰርጎ ገብቷል፤ ልብስ ያለ ውሃ የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። ፐርክ ከውሃ 1.6 እጥፍ ስለሚከብድ አይንሳፈፍም፤ ቁልቁል ወርዶ አሸዋው መሃል ይሰነቀራል። በውሃም እምብዛም አይሟሟም። ታዲያ ምን ቸገረን እንዳትሉ፤ የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ፐርክ 200 ሺህ ሊትር ውሃ ወሰኑ ላይ ያደርሳል!

ስለዚህ ሳሙና መሰል ኬሚካል በጉድጓድ አስገብተው በሌላ ጉድጓድ ሳቡት። የሳሙና ሞለኪውል ጭንቅላቱ ውሃ፣ ጭራው ቅባት ይወዳል፤ ብዙ ሲሆኑ ጭራቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ክብ ይሠራሉ፣ ፐርኩንም መሃላቸው ይይዙታል።

ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ አጥብቆ መያዝ የሳሙናው ሙያ ሆኖ ሳለ አሁን ልቀቅ ሊባል ነው። በተለመደው መንገድ አየር ቢነፉበት አረፋው ገንዳውን ሞልቶ ይፈሳል። መላው ፐርቫፖሬሽን ይባላል። እጣቢውን አሙቀው በስስ ሽፋን አጠገብ ያሳልፉታል፤ ከሽፋኑ ማዶ አየሩ ተመጦ ወጥቷል። ፐርክ ቶሎ ስለሚተን ሽፋኑን አልፎ ይሄዳል፣ ማዶ ሲቀዘቅዝም መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃው ውስጥ ያለው በወጣ ቁጥር ከክቡ መሃል ሌላው ይተካል። ሳሙናው ግን ስለማይተን እዚያው ይቀራል።

የቀረው ግን በውሃ የቀጠነ ሳሙና ነው። ስለዚህ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ያጠሉታል፤ ውሃው ያልፋል፣ ክቦቹ ግን አይሾልኩም። ከክቡ የተነጠሉት ነጠላ ሞለኪውሎች ሾልከው ይጠፋሉ፤ ኪሳራው እሱ ነው። የተጠራቀመው ወደ መሬት ተመለሰ፤ ኬሚካሉ ውድ ነውና።

በዚያ ሙከራ ወደ 290 ሊትር ፐርክ ወጣ። ከታች ባለው ደቃቅ ደለል ውስጥ ግን የቀረ ነበር፤ ሳሙናው በቀላሉ በሚያልፍበት አሸዋ አድርጎ ሄዶ ደለሉን ብዙም አልነካውም።