የደባርቅ እሸት ባቄላ

ባቄላ በክረምት መግቢያ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደርቆ ይታጨዳል፣ ክክና ሽሮ ይሆናል። መሬት ስለሚያዳብርም ገበሬው በዓመቱ ገብስ ወይም ስንዴ ይዘራበታል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ባቄላ ይኸ ነው። እኔ የምወደው ግን በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት በዳባትና በደባርቅ የሚበላውን እሸቱን ነው።

«ልጣጩ ያንቃል፣ ሆድ ይነፋል» እያሉ ያሙታል። ጥፋቱ ግን ያረጀውን እንደ እሸት የሚበላው ሰው ነው። አንድ ፍሬ ፈልፍሉና ከቆባው ጋር ተያይዞ የነበረበትን ጠባሳ እዩ። አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ልጣጩ ገና ስስ ነው፤ ጥሬውን ቢበሉት ይጣፍጣል። መጥቆር ከጀመረ ልጣጩ ወፍሯል፤ እሱ ለንፍሮ ይሁን። ጥቁር ብሎ የጠነከረውን ለክክ ተዉት። ሆድ የሚነፉት የስኳር ዓይነቶችም በብዛት የሚጠራቀሙት ፍሬው ወደ መድረቁ ሲቃረብ ነው። ደባርቅ ገበያ ላይ ትልልቁን ስመርጥ ያዩኝ አንዲት እናት «ተው ልጄ፣ የጎረበጠውን አትይ፣ ለስለስ ያለውን ውሰድ» ብለው እፍኝ ሙሉ መርጠው ሰጡኝ። ልክ ነበሩ፤ ፍሬው ሲያረጅ ቆባው ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ ጣዕሙ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ እባካችሁ መንገደኞች፣ አስፈልፍላችሁ በፌስታል አስራችሁ፣ ፀሐይ እየመታው እስከ ጎንደር አትውሰዱት። ከነቆባው ያዙት፣ በዕለቱ ብሉት። ቆባውንም በመስኮት አትወርውሩት፤ ከብት ይበላዋል።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። ከነቆባው ፍም ላይ ጣል ማድረግ፣ ወይም ፈልፍሎ በፈላ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎ ጨው መነስነስ ይበቃል። እኔ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቼ፣ ጎመን ጨምሬ፣ ጎመኑ ሊበስል ሲል እሸቱን እጨምርበታለሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌን ለሚጾም ሰው ከዚህ የተሻለ የወቅቱ ምግብ አላውቅም።

ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ከወረዳችሁ አትፈልጉት፤ ባቄላ ቆላ አይስማማውም። ዳባት ላይ ካለፈባችሁ ግን ወደ ስሜን ተራሮች ሽቅብ ያሉትን መንደሮች ጠይቁ፤ ብርዱ ፍሬውን ስለሚያዘገየው እሸቱ እዚያ ይቆያል።