መዝገቡ የማን ነው?

የውጭ ኩባንያ በሰው አገር ሲነግድ መመዝገብ አለበት የሚለው ደንብ ለብዙ አንባቢ የጸሐፊና የማኅተም ጉዳይ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን የሥልጣን ጥያቄ ነው እንላለን። የተመዘገበ ኩባንያ ስሙንና አድራሻውን፣ በአገሩም ውስጥ ተጠሪ የሚሆንለትን ሰው ያስታውቃል። ያን ጊዜ ግብር ሰብሳቢው ያገኘዋል፤ ደመወዙን የተነጠቀ ሠራተኛ ይከሰዋል፤ ፍርድ ቤት መጥሪያ ይልክበታል። ጦርነት ያደቀቀው አገር ደግሞ ይህን መብቱን ለማስከበር አቅም የሚያንሰው፣ ነጋዴውም የሚጎርፍበት ያን ጊዜ ነው።

ኢራቅን እንመልከት። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር በ2003 አገሪቱን ከወረረ በኋላ፣ በፖል ብሬመር የሚመራው የጥምር ኃይሎች ጊዜያዊ አስተዳደር በሴፕቴምበር ትእዛዝ ቁጥር 39ን አወጣ። የውጭ ባለሀብት አንድን ድርጅት መቶ በመቶ እንዲይዝ፣ ትርፉን ሁሉ እንዲያወጣ፣ መሬት እስከ 40 ዓመት እንዲከራይ ተፈቀደለት። ነዳጅና ሌላውን የተፈጥሮ ሀብት ማውጣት፣ ባንክና ኢንሹራንስም ከትእዛዙ ውጭ ተደረጉ። የ1907 የሄግ ደንብ አንቀጽ 43 ግን ወራሪ ኃይል ፈጽሞ ካልተቻለው በቀር የያዘውን አገር ሕግ እንዲያከብር ያዛል። የኢራቅን ሕዝብ ማን ጠየቀው?

ከዚህ የባሰው ትእዛዝ ቁጥር 17 ነው። ተሻሽሎ የወጣው ጁን 27 ቀን 2004፣ ሥልጣን ለኢራቃውያን ሊተላለፍ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ከወራሪዎቹ ጋር የተዋዋሉ ኩባንያዎች በውላቸው ጉዳይ ለኢራቅ የፈቃድና የምዝገባ ሕግ እንዳይገዙ ደነገገ። በውሉ መሠረት ለፈጸሙት ሥራም የኢራቅ ፍርድ ቤት እንዳይነካቸው አደረገ። ለጥበቃ ኩባንያዎች የተለየ የምዝገባ መመሪያ ወጥቶላቸዋል። ግን ምን ይፈይዳል? መዝገብ ላይ የሰፈረ ሁሉ ካልተከሰሰ መዝገቡ የስም ዝርዝር ብቻ ነው።

ውጤቱ በደም ታየ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007 የብላክዋተር ጠባቂዎች በባግዳድ ኒሱር አደባባይ ተኩሰው 17 ኢራቃውያንን ገደሉ። ሟቾቹ የወደቁት በአገራቸው መንገድ ላይ ነው፤ ገዳዮቹ የተዳኙት ግን በዋሽንግተን ነው። በ2014 ጥፋተኛ የተባሉትን አራቱን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዲሴምበር 2020 በምሕረት ለቀቃቸው። ኢራቅ ከአሜሪካ ጋር ተደራድራ ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ይህን ከለላ ካስነሣች በኋላ፣ በዚያው ወር ለብላክዋተር የሥራ ፈቃድ ነፈገች። ፈቃድና መዝገብ የሕዝብ መሣሪያ የሚሆኑት እንዲህ ሲሆን ነው።

ይህ ከእኛ ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። በኖቬምበር 2022 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ የጦርነቱ ቁስል ሳይሽር፣ በ2024 የአገራችን የጅምላና የችርቻሮ፣ የገቢና የወጪ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን አዋጅ አጸደቀ፤ የውጭ ሰዎች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ያላቸው ድርሻ በጠቅላላው ከ49 በመቶ እንዳያልፍም ወሰነ። በእርግጥ እዚህ ሕግ ያወጣልን ወራሪ የለም፤ ልዩነቱን አንክድም። ንግድ ሁሉ ይዘጋ የሚል አቋምም የለንም። ጥያቄያችን ሦስት ነው፦ የሚገባው ኩባንያ በአገራችን ተጠሪ አለው ወይ? ሒሳቡን ማን ይመረምራል? ሠራተኛው ሲበደል በየትኛው ፍርድ ቤት ይቆማል?

እነዚህን ጥያቄዎች በሩ ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ ይቀላል። ኢራቃውያን ከተከፈተ በኋላ ሊመልሷቸው አምስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ዋጋውንም በሕይወት ከፈሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ አዋጅና መመሪያ ሲወጣ እናንብበው፣ እንወያይበት፣ ለሕዝብ እናስረዳው።

መዝገቡ የሕዝብ ይሁን!