ሴትና ወንድ አብረው ሲሮጡ

ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ «ሴት አትሌት ከወንዶች ጋር መሰልጠኗ ምን ይጠቅማታል?» አለኝ። አሰልጣኝ ነኝና የማየውን ላካፍላችሁ።

በማለዳ ጃንሜዳ ጎራ በሉ። ሯጯ ከአሯሯጯ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ጎን ብላ፣ ተረከዙን እያየች ትከተላለች። ነፋሱን እሱ ይቀበልላታል፤ ሰዓቱንም እሱ ይጠብቃል። ለእሷ የሚቀራት መሮጥ ብቻ ነው።

ትዕግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ፣ ወንዶችም በሚሮጡበት ውድድር፣ ማራቶንን በ2:11:53 ጨረሰች። በ2025 ለንደን ላይ ሴቶች ለብቻቸው ሲሮጡ 2:15:50 ገባች፤ ያም በሴቶች ብቻ ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። የ3 ደቂቃ ከ57 ሰከንዱን ልዩነት በሙሉ ለአሯሯጭ አልሰጥም፤ መንገዱ፣ አየሩ፣ የፉክክሩ ስልትም አለ። ዓለም አትሌቲክስ ግን ሁለቱን ለይቶ የሚመዘግበው በምክንያት ነው።

ድብልቅ የዱላ ቅብብል ሌላ ነው። በ2019 ዴንማርክ፣ አርሁስ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ 2 ወንዶችና 2 ሴቶች ወርቅ አመጡልን፤ ከበደ እንዳለ ጀመረ፣ ፋንቱ ወርቁ ጨረሰች። እዚያ ላይ ሴቶቹን ችላ ብሎ ወንዶቹን ብቻ ያዘጋጀ ቡድን ግማሽ መንገዱን አስረክቦ ነው የሚገባው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሜዳ ላይ ሴት ሯጭ ሞልታለች፤ ሰዓት ይዛ የምታሰለጥን ሴት ግን የማየው ከስንት አንዴ ነው። ጫማቸውን የሰቀሉ ሴት አትሌቶቻችንን ለአሰልጣኝነት ኮርስ እንመዝግባቸው፤ ከዚህ ዓመት እንጀምር።